የሕንድ ባህላዊ ገበያ በአስጎብኚ መዞር፦ ያዋጣል ወይስ ራስን ለደላላ ማስረከብ ነው?

ማሂ_ቦሌ

ሰላም ለሁላችሁም። እናቴን ለሕክምና ይዤ ደልሂ ልሄድ ነው። በምርመራዎቹ መሃል ባዶ ቀናት እንደሚኖሩን ነግረውናል። ታናሽ እህቴ ደግሞ ጥር ላይ ታገባለች። የሚገዛው ዕቃ ዝርዝር ከአሁኑ እጄ ላይ ነው። ለሚዜዎች ጨርቅ፣ ዶቃና ጌጣጌጥ፣ ትንሽ ቅመም፣ ለእናቴ አንድ ጥሩ ሻርፕ።

ኢንተርኔት ላይ "ባህላዊ ገበያ ከአስጎብኚ ጋር" የሚል ማስታወቂያ መዓት ነው። ግማሽ ቀን ያዞሩሻል፣ ያስተረጉሙልሻል፣ ዋጋ ይከራከሩልሻል ይላሉ። የአክስቴ ልጅ ግን "ሰውየው ከየሱቁ ድርሻውን ነው የሚለቅመው፣ የሚወጣው ካንቺው ኪስ ነው" ብላ አስፈራርታኛለች። የሄዳችሁበት እስቲ ንገሩኝ። ሂንዲ አንድ ቃል አልችልም። በመከራከር ግን አልታማም፣ መርካቶ ነው ያደግኩት።

ተማሪው_ደልሂ

ማሂ፣ ለእናትሽ እግዜር ምሕረቱን ያውርድላቸው። እዚሁ ስለምማር የማውቀውን ልበል።

የአክስትሽ ልጅ እውነቷን ነው። ኮሚሽን አለ፣ ድብቅም አይደለም። ግን ሁሉም አስጎብኚ አንድ አይደለም። በሰዓት ተከፍሎት መንገድ የሚያሳይ አለ። ብትገዢም ባትገዢም ለሱ ያው ነው። ሌላው ዋጋው በጣም ርካሽ ነው፣ አንዳንዱ ጭራሽ "በነፃ" ይልሻል። ነፃ ያለሽን ሰው ፍሪው። እሱ የሚበላው ከሱቁ ነው።

ገበያው ምን እንደሚመስል ላስረዳሽ። የድሮው ደልሂ ዋና መንገድ ቻንድኒ ቾክ ይባላል። ታጅ ማሃልን ያሠራው የሻህ ጃሃን ልጅ ጃሃናራ ናት ያሠራችው፣ እ.ኤ.አ. በ1650 አካባቢ። ሬድ ፎርት ከሚሉት ቀይ ምሽግ ፊት ለፊት ይነሳና ፋቴፑሪ መስጊድ ድረስ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ፎቶ የሚነሳው ዋናው መንገድ ላይ ነው፣ ግብይቱ ግን ቅያሶቹ ውስጥ ነው። እያንዳንዱ ቅያስ የራሱ ዕቃ አለው፣ የኛው መርካቶ በተራ በተራ እንደተከፈለው ማለት ነው። ዳሪባ ካላን ብርና ጌጥ ነው። ኪናሪ ባዛር የሠርግ ጌጣጌጥና የልብስ ጠርዝ። ካትራ ኒል ጨርቅ። ባሊማራን ጫማና መነጽር። ቻውሪ ባዛር ወረቀትና የሠርግ ጥሪ ካርድ። መጨረሻ ላይ ካሪ ባኦሊ፣ የቅመም ጅምላ ገበያው።

ችግሩ ቅያሶቹ ካርታ ላይ በትክክል አይታዩም። አንዳንዱ ሁለት ሰው ጎን ለጎን አያሳልፍም። ከላይ የኤሌክትሪክ ሽቦ እንደ ሐረግ ተጠላልፎ ሰማይ አያሳይሽም። ስልክሽ "ደርሰሻል" ሲልሽ ግድግዳ ፊት ቆመሻል። ለመጀመሪያው ዙር ሰው ያስፈልግሻል የምለው ለዚህ ነው። ለመግዛት ግን በሌላ ቀን ብቻሽን ተመለሺ።

የመርካቶ_ሰው

ልጄ፣ እኔ ሕንድ ለንግድ የምመላለስ ሰው ነኝ። ለቤተ ክርስቲያን ልብስ የሚሆን ወርቀ ዘቦና ሌላም ጨርቅ አመጣለሁ። አስጎብኚ የሚባል ነገር አታስጠጊ። ነጋዴው እንግሊዝኛ ይችላል። ባይችል ካልኩሌተር አለው። ቁጥር ይጽፍልሻል፣ አንቺም ትጽፊለታለሽ፣ አለቀ።

ከጎንሽ ሰው ካለ ባለሱቁ መጀመሪያ የሚያየው አንቺን አይደለም፣ እሱን ነው። በዓይን ይግባባሉ። የሱ ድርሻ ዋጋው ላይ ተጨምሮ ነው የሚነገርሽ። ከዚያ እሱ "ቀንስላት" ብሎ ሲጮህ ደስ ይልሻል። የተቀነሰው ግን አስቀድሞ የተጨመረው ነው።

ሌላ የማያውቁት ነገር አለ። መንገድ ላይ ዝም ብሎ አብሮሽ የሚሄድ ሰው ይኖራል። አላናገርሽውም፣ አልቀጠርሽውም። አንቺ ገዝተሽ ስትወጪ እሱ ይገባና "እኔ ነኝ ያመጣኋት" ይላል። ስለዚህ ሱቅ ከመግባትሽ በፊት ዞር ብለሽ እዪ። የሚከተልሽ ካለ ጮክ ብለሽ "ይሄ ሰው የኔ አይደለም" በዪ። ባለሱቁ ይገባዋል።

ሐር ነው ብለው ሲሸጡልሽ ከጠርዙ አንድ ክር ምዘዢና አቃጥዪው። እውነተኛ ሐር እንደ ተቃጠለ ፀጉር ይሸታል፣ አመዱ በጣት ሲነካ ይፈረካከሳል። ፖሊስተር ከሆነ ይቀልጥና እንደ ትንሽ ዶቃ ጠጥሮ ይቀራል። አላቃጥልም የሚል ነጋዴ መልሱን ነግሮሻል።

ሊሊ_ቨርጂኒያ

ጋሼ የሚሉት ልክ ነው፣ ግን ሰው ሁሉ ነጋዴ አይደለም። እኔና ባለቤቴ ጃይፑር ስንሄድ ሁለቱንም አይተናል።

ሆቴሉ ካገናኘን ሾፌር ጋር ወጣን። ጆሃሪ ባዛር ውሰደን አልነው። እሺ አለ። ከዚያ "መጀመሪያ አምስት ደቂቃ፣ የጨርቅ ሕትመት እንዴት እንደሚሠራ ላሳያችሁ" ብሎ ከከተማው ወጣ ያለ ትልቅ ሱቅ አስገባን። አንድ ሽማግሌ የእንጨት ማኅተም ቀለም ነክረው ሁለት ጊዜ ጨርቅ ላይ መቱ። ትዕይንቱ ያ ብቻ ነው። ቀጥሎ ፎቅ፣ ሻይ፣ ምንጣፍ፣ ምንጣፍ፣ ምንጣፍ። በሩ ላይ የቆመው ልጅ ፈገግ እያለ አያሳልፍም። ስንወጣ ገበያው ሊዘጋ ምንም አልቀረውም።

በማግስቱ ከቱሪዝም ሚኒስቴር መታወቂያ ያላት ሴት አስጎብኚ በሰዓት ቀጠርን። ሰማይና ምድር! ከተማዋን ንጉሥ ጃይ ሲንግ እ.ኤ.አ. በ1727 ሲቆረቁራት ገበያዎቹን አብሮ በፕላን እንደሠራቸው፣ ሮዝ ቀለም የተቀባችው ግን በ1876 የእንግሊዝ ልዑል ሲመጣ እንደሆነ እየነገረች አዞረችን። ማኒሃሮን ካ ራስታ የሚባል ቅያስ አለ። እዚያ ላክ ከሚባል ሙጫ አምባር ይሠራሉ። ሴትዮዋ ከሰል ላይ ሙጫውን አሙቃ በእጇ እየጠቀለለች ቀለበት አደረገችው፣ ትኩስ እያለ ጥቃቅን መስታወት ለጠፈችበት፣ በእጄ ልክ ዱላ ላይ አሰፋችው። እጄ ላይ ሳደርገው ገና ይሞቅ ነበር። አስጎብኚዋ ዋጋው ላይ አንድ ቃል አልተናገረችም። በር ላይ ቆማ ጠበቀችን።

አንድ ማስጠንቀቂያ ብቻ፦ ጃይፑር ውስጥ "የከበረ ድንጋይ ገዝተሽ አገርሽ ወስደሽ በእጥፍ ሽጪ፣ እኛ ቀረጥ ስለሚበዛብን ነው" የሚልሽ ካለ እግሬ አውጪኝ ነው። ያረጀ ማጭበርበሪያ ነው፣ ዛሬም ሰው ይበሉበታል።

ሰብለ_ስፌት

የሐበሻ ቀሚስ ስለምሠራ ኪናሪ ባዛር ለኔ ሁለተኛ ቤቴ ነው። ማሂ ለሠርግ የምትፈልጊው በሙሉ እዚያ ነው ያለው። ዶቃ፣ ዘርዘር ያለ የወርቅ ክር፣ ጠርዝ በጥቅል፣ ጥምጥም፣ ከብር ኖት የተሠራ የሙሽራ የአንገት ጉንጉን ሳይቀር ተሰቅሎ ታያለሽ። ሱቆቹ ትንንሽ ናቸው። ባለሱቁ ነጭ ፍራሽ ላይ ቁጭ ብሎ ሳጥን እያወረደ ይዘረግፍልሻል። ጫማሽን አውልቀሽ ትቀመጫለሽ።

ጋሼን ባከብርም እዚህ ላይ አልስማማም። ብዙው ጥሩ ዕቃ ታች የለም። ፎቅ ላይ ነው፣ ምልክት የለውም፣ ደረጃው ጨለማ ነው። የማያውቅ ሰው አይወጣም። እኔን መጀመሪያ ያወጣችኝ አስጎብኚ ናት። የከፈልኳት ለእግሯና ለሚያውቀው ጭንቅላቷ ነው። ለክርክሩ አይደለም። ሰዉ የሚቀላቅለው ይሄን ነው። ሰው ቀጥሮ ዋጋ አስከራክሮ የተጠቀመ አላየሁም፣ ሰው ቀጥሮ መንገድ አስመርቶ የከሰረም አላየሁም።

ሲከፍቱ ጠብቀሽ ግቢ። የቀኑን የመጀመሪያ ገዢ ባዶ እጇን መሸኘት አይወዱም። ገፍተሽ ከጠየቅሽ ይቀንሳሉ። ከሰዓት በኋላ ግን ሕዝቡ ሲመጣ ማንም አያይሽም።

ደግሞ ጠርዝ ስትገዢ በሜትር አትጠይቂ። በጥቅል ነው የሚሸጠው። አንድ ጥቅል ስንት ሜትር እንደሆነ አስለኪ፣ ፊትሽ ላይ። ክሩ እውነተኛ ዛሪ፣ ማለት የብረት ወርቅማ ክር ነው ካሉሽ ጫፉን በጥፍርሽ ፋቂው። ፕላስቲክ ከሆነ ወርቅማው ቅብ ይላጣል፣ ከሥሩ ነጭ ይወጣል። ለሚዜ ልብስ ፕላስቲኩ ይበቃል፣ ዋጋው ግን የፕላስቲክ ይሁን።

ኑር_ዱባይ

ሰላም ጀመዓ። ስለ ወርቅ ማንም ስላላነሳ እኔ ልበል። ሠርግ ካለ ወርቅ መነሳቱ አይቀርም።

ሕንድ ውስጥ ወርቅ የምትገዢ ከሆነ የመንግሥቱን ማኅተም እዪ። የቢአይኤስ (የሕንድ የደረጃዎች መሥሪያ ቤት) ሦስት ማዕዘን ምልክት፣ የጥራት ቁጥር፣ ከዚያ ባለ ስድስት ፊደልና ቁጥር መለያ። 916 ካለ 22 ካራት ነው። 750 ካለ 18። መለያውን ቢአይኤስ ኬር በሚባለው መተግበሪያ ስታስገቢው ዕቃው ምን እንደሆነ ይነግርሻል። ማጉያ መነጽር አምጣ በዪው፣ ሁሉም ሱቅ አለው። የእጅ ዋጋ ለብቻ ይጻፍ። ሰው የሚበላው በእጅ ዋጋ ነው፣ የወርቁ የቀን ዋጋማ የታወቀ ነው።

ግን ለምን ከሕንድ? ሕንድ ወርቅ ስታስገባ ቀረጥ አለባት። እ.ኤ.አ. በ2024 ከ15 ወደ 6 በመቶ ቢያወርዱትም አለ። ሽያጩ ላይ ደግሞ 3 በመቶ ግብር። ዱባይም 5 በመቶ ቫት አለ፣ ግን ጎብኚ ሲወጣ አብዛኛው ይመለስለታል። ሕንድ ውስጥ "ኤርፖርት ላይ ግብርሽ ይመለስልሻል" የሚል ነጋዴ ከገጠመሽ ሳቂበት። ለጎብኚ የሚመለስ ነገር ሕጉ ላይ ቢጻፍም ሥራ ላይ አልዋለም።

ማሂ_ቦሌ

ተባረኩ ሁላችሁም። ጋሼ ስለ ሐሩ አመሰግናለሁ፣ ክብሪት ይዤ ነው የምሄደው። ወርቁን ተውኩት፣ ዳሪባ ካላን ብር ብቻ አያለሁ።

ጥቂት ጥያቄ ቀረኝ። ቅመሙን እንዴት ልግዛ? ኮረሪማ አገኛለሁ? አስጎብኚውን ሐቀኛ መሆኑን በምን ልለየው? ከሁሉ በላይ ደግሞ እናቴ ብቻዋን ሆቴል መቅረት አትወድም፣ ብዙ መራመድ ግን አትችልም።

ተማሪው_ደልሂ

በቅመም ልጀምር፣ ምክንያቱም ወዳጅ ሁሉ አምጣልኝ ስለሚለኝ በደንብ አውቀዋለሁ።

ካሪ ባኦሊ ስትገቢ መጀመሪያ የምታደርጊው ማሳል ነው። ጋዶዲያ የሚባል የድሮ ግቢ አለ፣ መሃሉ ክፍት፣ ዙሪያው ፎቅ። ተሸካሚዎቹ በርበሬ ጆንያ ጭንቅላታቸው ላይ አድርገው ደረጃውን ይወጣሉ። አቧራው አየሩ ላይ ይቀራል። ሻጩም ገዢውም፣ ጥበቃውም ሁሉ ያስላል። ማንም አይስቅብሽም። ነጠላሽን አፍንጫሽ ላይ ጣል አድርጊ። እናትሽን እዚያ አታስገቢ።

ካሪ ባኦሊ ጅምላ ነው፣ ግን መንገድ ዳር ያሉት ሱቆች ሩብ ኪሎም ይመዝናሉ። ሄል፣ ቅርንፉድ፣ ቁንዶ በርበሬ፣ ቀረፋ ሳይፈጭ ግዢ። የተፈጨ አትንኪ። ሄሉን ፈልቅቂና ፍሬውን እዪ። ጥቁርና የሚጣበቅ ከሆነ ትኩስ ነው፣ የደረቀ ቡናማ ከሆነ ያረጀ ነው። ቀረፋ ብለው ወፍራም ቅርፊት ከሰጡሽ የቀረፋ ዘመድ የሆነው ካሲያ ነው። መጥፎ አይደለም፣ ግን የቀረፋ ዋጋ አትክፈዪ። ሳፍሮን በርካሽ ከተባለ ሳፍላወር የሚሉት የሱፍ አበባ ነው። ጥቁር አዝሙድ፣ ነጭ አዝሙድ፣ አብሽ፣ እርድ ሁሉም ሞልቷል።

ኮረሪማ የለም። ኮረሪማ ስትያቸው ትልቁን ጥቁር ሄል ያመጡልሻል። ሲያዩት ይመሳሰላል። እሱ ግን በእሳት ጭስ ነው የሚደርቀው፣ ቡና ውስጥ ብትጨምሪው ጭስ ጭስ ይላል። በርበሬ ከፈለግሽ የካሽሚሩ ቀለም እንጂ ቃጠሎ የለውም፣ የጉንቱሩ ያቃጥላል።

ስለ አስጎብኚው። ከመቅጠርሽ በፊት "ምንም ሳልገዛ 3 ሰዓት መዞር ብቻ ነው የምፈልገው፣ ሱቅ የምገባው እኔ የመረጥኩት ላይ ነው" ብለሽ ጻፊለት። ሐቀኛው "እሺ" ብሎ ዋጋውን ይነግርሻል። ሌላው "ግን አንድ የማውቀው ጥሩ ሱቅ አለ" ብሎ ይጀምራል። እዚያ ላይ ተሰናበቺው። መታወቂያውን ፎቶ አንስተሽ ያዢ። ምንም መግዛት ሳይኖር ከተማውን ማየት ከሆነ ደግሞ ሳላም ባላክ ትረስት የሚባል ድርጅት አለ፣ ጎዳና ላይ ያደጉ ወጣቶች ናቸው ፓሃርጋንጅ የሚባለውን ሰፈር የሚያዞሩት። ገቢው ለሕፃናቱ ነው።

ለእናትሽ ዲሊ ሃት ነው መፍትሔው። ከሕንድ የየክልሉ የእጅ ባለሙያዎች እየተቀያየሩ የሚሸጡበት ግቢ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1994 የተከፈተ። በር ላይ ትንሽ መግቢያ ይከፈላል። መኪና አይገባም፣ መቀመጫ አለ፣ ምግብ አለ፣ ንጹሕ ሽንት ቤት አለ። ዋጋው ከድሮው ደልሂ ወደድ ይላል። እሳቸው ቁጭ ብለው ሻይ ሲጠጡ አንቺ ትዞሪያለሽ። ዋጋ መከራከር ሲሰለችሽ ደግሞ ጃንፓት ላይ ያለው የመንግሥቱ የዕደ ጥበብ ሱቅ አለ፣ ሴንትራል ኮቴጅ ኢንዱስትሪስ ኢምፖሪየም። ዋጋው የተጻፈ ነው። ልብ በዪ፣ "የመንግሥት ኢምፖሪየም" የሚል ታፔላ የሰቀለ የግል ሱቅ ከተማው ውስጥ ሞልቷል፣ ሾፌሮች የሚወስዱሽም እዚያ ነው። ትክክለኛውን አድራሻ ራስሽ ይዘሽ ሂጂ።

ሊሊ_ቨርጂኒያ

ሻርፑን በተመለከተ፦ ፓሽሚና (ከፍየል ለስላሳ ፀጉር የሚሠራው ሻርፕ) በቀለበት ካለፈ እውነተኛ ነው የሚባለውን አትመኚው፣ ቀጭን ፖሊስተርም ያልፋል። መንገድ ላይ የሚቆለለው ሁሉ ቪስኮስ የሚባል ሰው ሠራሽ ክር ነው። ለእናትሽ ጥሩውን ከፈለግሽ ከዚያ ዋጋው ከተጻፈበት ሱቅ ግዢ፣ ደረሰኝ አስቆርጪ። ሻህቱሽ የሚልሽ ካለ ግን አትንኪው። ከዱር እንስሳ ፀጉር የሚሠራ ነው፣ መሸጡም መያዙም ክልክል ነው። ከ100 ዓመት በላይ የሆነ ጥንታዊ ዕቃም ከአገር አይወጣም።

ቤቲ_ነርስ

ከገበያው ውጪ ነው ግን ማንም አላነሳውም። የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ! ከኢትዮጵያ ለሚገባ ሰው ሕንድ በዚህ ጥብቅ ናት። ካርድ ከሌለ ለቀናት ለይተው ያቆያሉ። ክትባቱ ከጉዞው 10 ቀን አስቀድሞ መወሰድ አለበት። እናትሽ ዕድሜያቸው ከ60 በላይ ከሆነ ከመከተባቸው በፊት ሐኪማቸውን አማክሪ።

የመርካቶ_ሰው

ሰብለ፣ ስለ ፎቁ እውነትሽን ነው፣ እኔንም ድሮ አንድ ሕንዳዊ ወዳጄ ነው ያወጣኝ። አስጎብኚ ስላልተባለ ነው መሰለኝ የረሳሁት። ይሁን፣ አንድ ጊዜ ትቅጠር።

ማሂ ልጄ፣ ካትራ ኒል ስትገቢ ጨርቁን ገልብጪው። በእጅ የተሸመነ ከሆነ ግራና ቀኝ ጠርዙ ላይ ጥቃቅን የመርፌ ቀዳዳ ይታያል፣ ሸማኔው ጨርቁን የወጠረበት ነው። ዘቦው በጀርባው በኩል ክሩ ተንጠልጥሎ ወይም ተቆርጦ ይታይሻል። የማሽኑ ጀርባም እንደ ፊቱ የተስተካከለ ነው። የማሽኑ አብዛኛው ከሱራት ከተማ ነው የሚመጣው፣ በእጅ ሽመና በታወቀችው ከተማ ስም "የባናራስ" ብለው ነው የሚሸጡልሽ። ለሚዜ ልብስ የሱራቱ ምንም አይለውም። በስሙ ግዢው ነው የምልሽ። ሳሪ ቀደው ቀሚስ ለሚያደርጉ ደግሞ፣ አንዱ አምስት ሜትር ተኩል ያህል ነው፣ ሰውነቷ ደልደል ላለ ሚዜ አይበቃም ይሆናል። ለክተሽ ሂጂ።

ማሂ_ቦሌ

ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ። እንግዲህ አንድ ዙር በአስጎብኚ፣ ሳልገዛ። ከዚያ ብቻዬን ከክብሪቴ ጋር። ማረፊያችን ላጅፓት ናጋር አካባቢ ነው የሚሆነው። በምን ልሂድ? ታክሲ ይገባል?

ተማሪው_ደልሂ

ታክሲ አትያዢ። ቻንድኒ ቾክ ዋናው መንገድ ላይ ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ ማታ 3 ሰዓት ሞተር ያለው አይገባም፣ ጫፍ ላይ ነው የሚጥልሽ። ሜትሮ ይሻላል። ከላጅፓት ናጋር ቫዮሌቱን መስመር ያዢ፣ ወደ ካሽሚር ጌት የሚሄደውን። ሳትቀይሪ ላል ኪላ ጣቢያ ትወርጃለሽ፣ ፊትሽ ቀዩ ምሽግ ነው። የመጀመሪያው ፉርጎ የሴቶች ብቻ ነው፣ እሱ ላይ ግቢ። ከዚያ በፔዳል ሪክሾ ወይ በእግር። ሪክሾውን ሳትሳፈሪ ዋጋ ቁረጪ።

እሁድ አትሂጂ፣ የድሮው ደልሂ አብዛኛው ዝግ ነው። ሰኞ ደግሞ ላጅፓት ናጋርና ሳሮጂኒ ናጋር ይዘጋሉ፣ ስለዚህ ሰፈርሽ ያለውን ገበያ ለእሁድ አስቀምጪው። ሱቆቹ የሚከፍቱት በኛ 5 ሰዓት አካባቢ ነው፣ ቀድመሽ ብትሄጂ መዝጊያ ነው የምታዪው። ባለ 500 ሩፒ ብቻ ይዘሽ አትሂጂ፣ ዝርዝር የለም ይሉሻል። እነሱ በስልክ ስካን አድርገው ነው የሚከፍሉት፣ ያ ለኛ በቀላሉ አይሠራም።

ሰብለ_ስፌት

ማሂ፣ በውስጥ መስመር ጻፊልኝ። ኪናሪ ባዛር ውስጥ የትኛው ደረጃ እንደሆነ እነግርሻለሁ። የሚዜዎቹን ቀለም አስቀድመሽ ምረጪ፣ ከቻልሽ ቁራጭ ጨርቅ ይዘሽ ሂጂ። በስልክ ፎቶ ቀለም ማመሳሰል አይሆንም፣ እዚያ ደግሞ የቀዩ ዓይነት ብቻ አንድ ግድግዳ ይሞላል።